ሰባተኛው መስመር ላይ ስማቸው ለተጻፈው ባልደረባችን

ከአደራ ቤተሰብ የሚወጡ ወጣቶች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት፣ በመዝገብና በሽግግር ክፍሎቹ ውስጥ ለሃያ አንድ ዓመታት ያገለገሉት ባልደረባችን በያዝነው ወር አሥራ ስድስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለአደራ ቤተሰቦች፣ በእጁ አልፈው ለወጡ ወጣቶችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው ሐዘን ወገቡን ቆርጦት ነው።

ይህ መግለጫ አሥር ቀን ዘግይቷል። የመጀመሪያው ረቂቅ በተቀበሩ ማግሥት ተጽፎ ነበር። አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ያማረ ጽሑፍ ነበር፤ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛችን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶት ወጣ። የተጻፈው ሐሰት ሆኖበት አልነበረም፤ ያልተጻፈው በዝቶበት ነው። ሁለተኛው ረቂቅም ከመጀመሪያው አልተሻለም። ይህ ሦስተኛው ነው፤ እንደ መግለጫ ከረዘመባችሁ ታገሡን።

ባልደረባችንን እኛ በሥራ መጠሪያቸው «አስተባባሪዋ» እንላቸው ነበር። ልጆቹ ግን «እትዬ ሰባተኛ» ነበር የሚሏቸው። እኛ አንቱ ስንላቸው ልጆቹ «አንቺ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ከሁለቱ የትኛው ደስ እንደሚላቸው ደብቀው አያውቁም። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ለማያውቁ እናስረዳለን።

የሚያሳድገው ወላጅ ወይም ዘመድ ያጣ ልጅ በጽሕፈት ቤታችን በኩል ለአደራ ቤተሰብ ይሰጣል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው አደራው ያበቃል፤ ልጁ ራሱን ችሎ እንዲኖር ይወጣል። በሚወጣበት ሳምንት ቢሯችን መጥቶ የመውጫ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ ስምንት መስመር አለው። ስም፣ የልደት ቀን፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ አዲስ አድራሻ፤ እነዚህን ስድስቱን ልጆቹ በአንድ ትንፋሽ ይሞላሉ። ስምንተኛው ፊርማ ነው። ሰባተኛው «ችግር ቢደርስ የሚጠራ ሰው፣ ስምና ስልክ» ይላል። እዚያ ላይ ብዕሩ ይቆማል። አከራይም፣ አሠሪም፣ ሐኪም ቤትም ከቅጹ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ መስመር ነው።

የአገልግሎት ታሪካቸው ባጭሩ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፦ በመዝገብ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ሰባተኛው መስመር ላይ የሚጽፈው ሰው የሌለው ልጅ ሲመጣ ጽሕፈት ቤቱ ሰረዝ ያስገባ ነበር። ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ማኅተም አያርፍበትም፤ ሰረዝ ያለበት ግን እንደተሞላ ይቆጠራል። አሠራራችን ይኸው ነበር፤ ማንም ነውር ነው ብሎ አያውቅም። ባልደረባችን በዚያ ዓመት በእጃቸው ሠላሳ አንድ ሰረዝ አስገብተዋል። ያዘዝናቸው እኛ ነን።

በሁለተኛው ዓመት፦ ሰረዝ ከገባላቸው ከሠላሳ አንዱ ልጆች መካከል ብየዳ ቤት ይሠራ የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት በተከራየባት ክፍል ውስጥ ታሞ ሞተ። ሰው ያወቀው በአራተኛው ቀን ነው። አከራዩ ቅጹን አውጥተው ቢመለከቱ የሚጠሩት ሰው ሰረዝ ሆነባቸው። አስከሬኑን የሚረከብ ሲጠፋ ፖሊስ ወደ እኛ መጣ። ባልደረባችን ቅጹን ሲያዩ የእጅ ጽሑፋቸውን ለዩት። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተነሥተው የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ተይዟል፦ «ሰረዝ ስልክ ያነሣል እንዴ? የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በእጄ አልጽፍም።» ከዚያ በኋላ ልጆቹን ለመውጣት ወደሚያዘጋጀው ሽግግር ክፍል ካልተዛወርኩ ብለው አመለከቱ፤ ተዛወሩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚጠራለት ሰው ላጣ ልጅ ሁሉ ሰባተኛው መስመር ላይ የራሳቸውን ስምና የራሳቸውን ስልክ ጻፉ።

በአራተኛው ዓመት፦ «የአንድ ሰዓት ትምህርት» የምንለውን አሠራር ጀመሩ። ልጁ ከመውጣቱ አስቀድሞ ወደሚከራያት ክፍል ይዘውት ይሄዳሉ። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ያስከፍቱታል፣ አምፖል ያስቀይሩታል፣ የጋዝ ምድጃውን ከነቧንቧው ያስዘጉታል። ከዚያ ልጁን ውስጥ ትተው በሩን ይዘጉና ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ስበው አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። በሰው ቤት፣ በሰው መሃል ያደገ ልጅ ብቻውን በዝግ ክፍል መቀመጥ እንደማንኛውም ሙያ መልመድ እንዳለበት ከእሳቸው በፊት ማናችንም አላሰብንም። የመጀመሪያው ተማሪያቸው በዘጠነኛው ደቂቃ ወጥቶ «ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ» አለ። «ግባ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» ብለው መለሱት። ያ ልጅ ዛሬ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ወደ ኋላ እናነሣዋለን። ትምህርቱ በሪፖርታችን ውስጥ «የተናጠል ኑሮ ማለማመጃ ሞጁል» ተብሎ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ምስጋና አስገኝቶልናል። በርጩማውን ግን ከቤታቸው ነበር ያመጡት።

በሰባተኛው ዓመት፦ ልጆቹ በስልክ የሚጠይቋቸውን በደብተር መመዝገብ ጀመሩ። ደብተሮቹ አሥራ አራት ደርሰዋል፤ አሁን እኛ ዘንድ ናቸው። «ሩዝ ስንት ውሃ ይፈልጋል?» «ሐኪሟ በቤተሰብህ የስኳር በሽታ ያለበት አለ ወይ አለችኝ፤ ምን ልበላት?» «አለቃዬ ሲቆጣኝ ዝም ልበል ወይስ ልመልስለት?» «ነገ ልደቴ ነው። ምንም አልፈልግም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።» ከየጥያቄው ጎን መልሳቸው አለ። ለሐኪሟ ጥያቄ የሰጡት መልስ «አላውቅም በላት፤ አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ምርመራውን ግን አድርግ» ይላል። በሁሉም ደብተር ውስጥ በብዛት የተመዘገበው ጥሪ «ደህና ነኝ፤ ስልክሽ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» የሚለው ነው። ከእሱ ጎን የተጻፈው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «ይሠራል።»

በዘጠነኛው ዓመት፦ ማስጠንቀቂያ ሰጠናቸው። የጽሕፈት ቤቱ ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት ማንኛውም ሠራተኛ ለሚያገለግለው ወጣት በግሉ ተጠሪ እንዳይሆን ይከለክላል። አንቀጹ በክፋት የወጣ አይደለም፤ ሠራተኛ በልጆች ላይ ጌታ እንዳይሆንባቸው ታስቦ ነው። ባልደረባችን ግን ጌታ ሳይሆኑ አገልጋይ ሆነው ደንቡን መተላለፋቸው ተረጋግጦ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። መልሱን በዚያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ «ደርሶኛል። ሌላ ሰው ስታገኙላቸው ስሜን አወጣለሁ።» ሌላ ሰው አልፈለግንም፤ ስላልፈለግንም አላገኘንም። ደብዳቤውን ማኅደራቸው ውስጥ አስገብተን፣ ስማቸው ያለበት ቅጽ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን ማኅተም ስናደርግ ኖርን።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፦ የቢሮው ስልክ ቅዳሜና እሑድም እንዲነሣ ተራ ይውጣ ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። ሰው የሚታመመው በሥራ ቀን ብቻ አይደለም፣ አከራይም ደም ፍላቱ የሚነሣው ቤት በሚውልበት ቀን ነው አሉ። በሦስት ስብሰባ ተነጋገርንበት። ሦስቱም ቃለ ጉባኤ «በቀጣይ ይታያል» ይላል። በአሥራ አምስተኛው ዓመት ጥያቄውን ደገሙት፤ በአሥራ ስምንተኛው ሠለሱት። ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። እርስ በርሳችን እንለው የነበረውን ዛሬ ስንጽፈው ያሳፍረናል፤ «ለቅዳሜማ አስተባባሪዋ አሉ አይደል» ነበር የምንለው።

በሃያኛው ዓመት፦ ሐኪም ልባቸው መድከሙን ነግሯቸው ደረጃ መውጣት እንዲቀንሱ መክሯቸዋል። ይህን ያወቅነው ከሞቱ በኋላ ነው። ቢሯችን ከማተሚያ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጆቹ የሚከራዩአቸው ክፍሎችም ርካሽ የሚሆኑት ከላይ ያሉት ናቸው። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አሥራ ሰባት ልጆች አውጥተዋል፤ አሥራ ሰባቱንም ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዕለቱ እንመጣለን። በመጀመሪያው ረቂቅ ያልነበረው ይህ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባልደረባችን ደረታቸውን ሲያማቸው በእግራቸው ሰፈራቸው ወዳለው ክሊኒክ ሄዱ። ተረኛዋ ነርስ ካርድ ስታወጣላቸው እንደ ደንቡ ተጠሪ ጠየቀቻቸው። የነገረችንን በራሷ ቃል እናስቀምጠዋለን፦ «ወንድሜ ሩቅ ነው፣ መኪና ላይ ነው አሉኝ። ሌላስ ስላቸው ትንሽ አሰቡና የቢሮ ቁጥር ሰጡኝ። ‹ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፣ እትዬ› አልኳቸው። ‹ሞክሪው እስቲ፤ ወረቀት የረሳ ሰው ይመለስ ይሆናል› አሉ።» ነርሷ ሞከረች። የቢሯችን ስልክ ከአራት ሰዓት ከሃያ አምስት እስከ ሰባት ሰዓት ከአሥር ድረስ ስድስት ጊዜ እንደጠራ በስልኩ መስኮት ላይ ተመዝግቧል። ወረቀት የረሳ ሰው አልነበረም።

በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ የእሳቸው የእጅ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤ ሁለቱንም አንሥተዋል። ነርሷ እንዳለችው ሁለተኛው ጥሪ ላይ «ክዳኑን ትንሽ ገለጥ አድርጊው፤ ካልሆነ ይገነፍላል» ሲሉ ተሰምተዋል። «ይቺ የደወለችው ልጅ ትምጣልዎት?» ብትላቸው «ተያት። እነሱ ናቸው እኔን የሚጠሩት፤ እኔ ከጠራኋቸውማ ይደነግጣሉ» አሉ። ሲያርፉ አጠገባቸው የነበረችው ነርሷ ብቻ ነበረች፤ ጽሕፈት ቤቱ ከልብ ያመሰግናታል።

ሰኞ ጧት የጽዳት ሠራተኛችን ቢሮውን ከፍተው ሲገቡ የስልኩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አገኙት። መልሶ ለመደወል የመጀመሪያው ሰው የመጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛ መደወል ከዚያ አይሻልም ነበር።

ወንድማቸው፣ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ረቡዕ ጧት ደረሱ፤ በዚያው ቀን ቀብሩ ተፈጸመ። ቤታቸውን ስንከፍት ሁለት ክፍል ሆና አገኘናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ያ በርጩማ። የስልክ ቻርጀር ሦስት ቦታ ተሰክቶ ነበር፤ አንዱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ወንድምየው ቻርጀሮቹን ሲያዩ ቁጭ አሉ። «በደወልኩ ቁጥር መስመሩ ተይዟል ይለኛል። ባል ያገኘች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉን።

በቀብሩ ላይ ከልጆቹ ሥልሳ ሰባቱ ተገኝተዋል። አብዛኞቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር፤ አንዱ ሌላውን «አንተም የሷ ነህ?» እያለ ሲጠይቅ ሰምተናል። ከላይ ያነሣነው ዳቦ ጋጋሪ ሥራ አስኪያጃችንን ፈልጎ ቀረባቸው። ዳቦ ቤቱ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ነው፤ ቅዳሜ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ነበር። «መንገድ መሻገር ብቻ ነበር እኮ» አላቸው። «ዱቄቴን ሳላራግፍ እደርስላት ነበር። ለምን አልጠራችኝም? እናንተስ አንድ ቀን እንኳን የሷን ተጠሪ ጠይቃችኋታል?»

አልጠየቅናቸውም። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ተመሳሳይ መስመር አለ። የእሳቸውን አውጥተን አየነው። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት፣ በመዝገብ ክፍል ውስጥ፣ የሆነ ሰው በጽሕፈት ቤቱ ልማድ ሰረዝ አስገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ ማንም አላረመውም። ማኅደሩን የከፈትነው የምስጋና ወረቀትና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለማስገባት ብቻ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ያለበትን ሁኔታ ለሕዝብ ሳይሸፍን መግለጽ ይወዳል። በዚህ ሰዓት በዘጠና አራት ወጣቶች ሰባተኛ መስመር ላይ ያለው የሟች ስም ነው። የእጅ ስልካቸውን ወንድማቸው ለእኛ ትተውልናል፤ ከመዝገብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በየቀኑ ይጠራል። ቀብሩን ያልሰሙት ልጆች ናቸው የሚደውሉት። ስልኩን የሚያነሣው የመዝገብ ክፍል ሠራተኛችን ነው፤ እስከ ዛሬ ለአሥራ ሁለቱ መርዶ አርድቷል። አንዱ «ታዲያ ትኩሳቱን ለማን ልንገረው?» ሲለው ሠራተኛችን ስልኩን አስቀምጦ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ተመልሶ ሲደውልለት አልተነሣም። በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው፤ ልጁ ደህና ነው። ይህን መግለጫ የምናወጣበት አንዱ ምክንያት ለእያንዳንዱ በየተራው መንገር አቅም ስላሳጣን መሆኑን አንደብቅም።

ባለፈው ዓርብ ሥራ አስኪያጁ አንቀጽ አሥራ አራትን በራሳቸው ኃላፊነት ለጊዜው አንሥተው፣ ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ በዚህ ወር ለሚወጡት ሦስት ወጣቶች ተጠሪ እንዲሆን ወረቀት አዞሩ። ዘጠኝ ነን። ሹፌራችን ለአንዱ ፈረመ። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛው ለአንዱ ፈረመ። ሌሎቻችን ብዕሩን ከጎናችን ላለው አሳለፍን። ደንብ ነው እንዳንል ደንቡ ተነሥቶልን ነበር። ሹፌሩ ሲወጣ «መጻፉ መች ከበደ፤ የሚከብደው ማንሣቱ ነው» አለ። ልጆች አሉን፣ የታመመ ወላጅ አለን፣ ቅዳሜ የምናርፍባት አንዲት ቀን ናት። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉንም ግን ባልደረባችን ለሃያ አንድ ዓመት ሲሰሙት ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳን አልወቀሱንም። ብዕሩ ሲዞር የቆየው አራት ደቂቃ አይሞላም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ያለ ምንም ማስዋብ ይለምናል። ስልኩን ለማንሣት ቃል የሚገባ ጎልማሳ፣ ጡረተኛ፣ ባለሱቅ፣ መምህር፣ ማንም ቢሆን፣ ስሙን ለአንድ ልጅ ብቻ ያውስ። ለሁለት አንጠይቅም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ አደራው ግን በአሥራ ስምንት ዓመት እንደሚያበቃ በማኅተም ስናረጋግጥ የኖርነውም እኛው ነን።

ጽሕፈት ቤቱ ለወንድማቸው፣ ስልኩ ሁልጊዜ የተያዘባቸው በማን እንደነበር ዘግይተው ላወቁት፣ መጽናናትን ይመኛል። ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ማለትም ለራሳችን፣ መጽናናት ቶሎ እንዳይመጣልን ይመኛል። ለዘጠና አራቱ ልጆቻቸው፣ በማኅደር ዘመዳቸው ሆነው ላልተመዘገቡት፣ ቀብሩ ላይ እንደ ልጅ ለቆሙትም ላልደረሱትም፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ሐዘን የያዙት እነሱ መሆናቸውን አውቆ በፊታቸው ዝቅ ይላል።

አንዲት ወጣት ቀርታለች። በዚህ ወር ከሚወጡት ሦስተኛዋ ናት፤ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ያን ቅዳሜ ሁለተኛው ጥሪ የእሷ ነበር፤ ከመውጣቷ በፊት በአደራ እናቷ ኩሽና ሩዝ እየተለማመደች ነው የደወለችው። «ድምፅሽ ደክሟል ስላት ‹ደረጃ ወጥቼ ነው› አለችኝ» ብላናለች። ሰባተኛውን መስመር ባልደረባችን ሊሞሉላት ተነጋግረው ነበር። የአደራ እናቷ ታመዋል፤ «እኔን የሚጠራልኝ ሳጣ ለሰው ልጠራ፣ ልጄ?» አሏት፤ አንፈርድባቸውም። አልጋዋም ለሚመጣ ሕፃን ተመድቧል። የክፍሏ አከራይ ሰረዝ ባለበት ቅጽ ቁልፍ አልሰጥም ብለዋል፤ ትክክል ናቸው።

ትናንት ቢሯችን መጥታ ስድስቱን መስመር ሞላች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ብዕሩን ይዛ ቆየች። ሥራ አስኪያጁ «ተዪው፣ እኛ እንሞላዋለን» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልተቆጣችም። «በሰረዝ ነው የምትሞሉት?» አለች።

እስካሁን አልመለስንላትም። ቅጹ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ለቅዳሜ ስልክ ተረኛ አልተመደበም። ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ ሃያ ስድስት ነው፤ ልጅቷ የምትወጣው በሠላሳ ነው። ሠላሳ ቅዳሜ ይውላል።

ከአደራ ቤተሰብ የሚወጡ ወጣቶች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት